ከራሜስዋራም እስከ ማናር

ከስሪላንካዋ የማናር ደሴት የህንዷ ራሜስዋራም በጀልባ ቅርብ ናት። ባሕሩ ካልተቆጣ፣ ማታ ከስሪላንካ የተነሳ ሰው ጎሕ ሳይቀድ የህንድን አሸዋ ይረግጣል። ሉርዱም የተሻገረችው በጦርነቱ ዘመን እንዲሁ ባለ አንድ ማታ ነው፤ የአራት ዓመት ልጇን ኒርማላን ደረቷ ላይ በጨርቅ አስራ። ባሏ ሳቪሪያን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሁለቱንም አቅፎ ጀልባዋ ላይ ሰቀላቸው። ለእሱ ቦታ አልተረፈም። ባለ ጀልባው «በቃ! በቃ አልኩ! ልታሰምጡን ነው?» እያለ ጠርዙን የጨበጠውን እጅ ሁሉ በመቅዘፊያ ይመታ ነበር።

«ነገ ማታ እመጣለሁ» አላት ሳቪሪያን። «ለእኔ አታስቢ፣ ልጅቷን ከብርድ ጠብቂያት።»

ነገ ማታ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ የጦር ጀልባዎች ባሕሩን ዘጉትና ወሬም የሚያሻግር ሰው ጠፋ። ለሉርዱ ከራሜስዋራም ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ አንዲት ክፍል ተሰጠቻት። ቀን ቀን ሽሪምፕ እየላጠች፣ ጣቶቿ በጨውና በበረዶ እየተሰነጣጠቁ ልጇን አሳደገች፤ እዚያው ካምፕ ውስጥ ላደገ ልጅ ዳረቻት፤ የልጅ ልጆችም አየች። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሃያ ዓመት በላይ ሄደ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳቪሪያን በሠርጋቸው ቀን ያሰረላትን የጋብቻ ሐብል ከአንገቷ አላወለቀችም። ባል የሞተባት ሴት ሐብሏን ማውለቅ አለባትና፣ ጎረቤቶቿ ነገሩ ይከነክናቸው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለአንቺ ነው» ይሏት ነበር።

«ሬሳውን አሳዩኝና አወልቃለሁ» ትላቸውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለዘመናት ተቋርጦ የኖረው የካቻቲቩ በዓል እንደገና መከበር ጀመረ። ካቻቲቩ በሁለቱ አገሮች መሃል ባሕር ላይ ያለች፣ ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት፤ የቅዱስ አንቶኒ ቤተ ክርስቲያን አለባት። በዓመት አንድ ጊዜ ከህንድም ከስሪላንካም ምዕመናን በጀልባ ይመጡና አብረው ቅዳሴ ሰምተው፣ አብረው አድረው ይለያያሉ። ስደተኛ ግን ካምፑን ለቆ ወደዚያ መሻገር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሉርዱ ኢናሲን ለመነችው። ኢናሲ የራሜስዋራም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የራሱ ጀልባ አለው፣ የምትልጠውን ሽሪምፕም የሚያመጣው እሱ ነበር።

«የመንደሬን የፔሳላይን ሰዎች ካገኘህ ስለ ሳቪሪያን ጠይቅልኝ» አለችው። «መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ ይንገሩህ። ሌላ አልፈልግም።»

ኢናሲ ከበዓሉ በተመለሰ ማግስት መጣ። እንደ ልማዱ ከበር ላይ ሆኖ አልተጣራም። ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና «እስቲ ውሃ ስጪኝ፣ እትዬ ሉርዱ» አለ። ሰጠችው። ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ባዶውን ጣሳ መልሶ ዘረጋላት።

«ሁለተኛ የለም» አለችው። «መጀመሪያ ተናገር።»

«የአንቺ ሰውዬ… የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም?»

«መንጠቆ ነው የበጠሳት። እኔን ሳያገባ በፊት።»

«እንግዲያው በሕይወት አለ።»

ሉርዱ ጣሳውን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ቀና ብላ ስታየው የኢናሲ ፊት እንደተጨፈገገ ነው።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ለቀስተኛ የተቀመጥከው?»

«ሰውዬው ባለትዳር ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ትልቁ ልጅ ጢም አብቅሏል።»

«እኔንስ? ረሳኝ በለኛ!»

«አልረሳሽም፤ ሞተሻል» አለ ኢናሲ። «እዚያ አንቺ ከሞትሽ ቆየሽ እኮ፣ እትዬ። በዚያው ሳምንት አስከሬንሽ ባሕር ዳር ተገኝቶ ተቀብረሻል። መቃብርሽ ላይ መስቀል ቆሟል፣ ስምሽ ተጽፎበታል። በየዓመቱ ተዝካርሽ ይወጣል። የነገረኝ ሰው ባለፈው ዓመት የተዝካርሽን ሩዝ የበላ ሰው ነው።»

ሉርዱን ሳቅ አመለጣት። «ዓይኔን ግንባር ያርገው! በቁሜ ተዝካሬን በሉልኝ?» አለችና፣ ሳቁ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ዕንባ ሆነባት። ኢናሲ ራሱ ተነስቶ ከእንስራው ውሃ ቀዳና ሰጣት።

«በሕይወት እንዳለሁ ነገርካቸው?»

«ማን እንደላከኝ አልነገርኳቸውም። አንቺ ሳትወስኚ ወሬው ቀድሞሽ እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«ኢናሲ» አለች ጠጥታ ጣሳውን እያስቀመጠች፣ «በእኔ ስም የተቀበረችው ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ጥያቄው ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቀቃትም። ስለ ሌላይቱ ሚስት ባሰበች ቁጥር ሐሳቧ ሳትወድ በግድ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ሽሪምፕ ስትልጥ፣ ሩዝ ስታጥብ፣ የልጅ ልጇን ፀጉር ስትጎነጉን፣ ከመስቀሉ ሥር የተኛችውን ፊት የሌላት ሴት ታያታለች። በመጨረሻ መሄድ እንደምትፈልግ ለኒርማላ ነገረቻት።

ኒርማላ የምታጥበውን ልብስ ጥላ ተነሳች። «እማዬ፣ አብደሻል? ከዚህ መውጫ ፈቃድ ይዘሽ ከወጣሽ ስምሽ ከካምፑ ይሰረዛል። መመለሻ የለሽም!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ሌላ ላገባ ሰው ብለሽ እኔን ትተሽ ልትሄጂ? እኔ አባት የሚባል ነገር አላውቅም። የማውቀው አንቺን ነው!»

«ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ልጄ።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ሉርዱ ልታስረዳት ሞከረች፤ ነገሩ ግን ከአፏ ሲወጣ ለራሷም የማያሳምን ሆነባት። «ሰው በሕይወት እያለ መቃብር አይኖረውም» አለች። «ያቺ ሴት የሆነች እናት ልጅ ናት። እናቷ እስከ ዛሬ ደጅ ደጁን እያየች እንደሆነስ? እኔም ሞቻለሁ የተባልኩበትን ቦታ ሳላይ ብሞት አላርፍም።» ኒርማላ ወደ ልብሷ ተመለሰች፤ የጨመቀችውን መልሳ ትጨምቅ ነበር።

ፈቃዱ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ፈጀ። በጉዞው ቀን እናትና ልጅ አብረው በአውቶቡስ ወደ ቲሩቺ ሄዱ፤ አውሮፕላን ያለው እዚያ ነው። ማናር ከጀርባቸው፣ ከባሕሩ ማዶ ቀረች። ሉርዱ በመስኮት እያየች፣ አገሯን ለመድረስ ከአገሯ እየራቀች መሆኗ ገረማት። በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ኒርማላ የሎሚ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

«ሰውዬውን ስታገኚው…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «እንደደረስሽ ደውዪ።»

ሉርዱ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። መቁጠሪያዋን ይዛ መጸለይ ጀመረች። ባሕሩን ለማየት ቸኩላ አንገቷን ብታሰግግም ደመና ሸፍኖት ነበር። ደመናው ሲገለጥ ከታች የሩዝ ማሳና የኮኮናት ዛፍ አየች፤ ወደ አስተናጋጇ ዞራ «ልጄ፣ ባሕሩ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለቻት።

«አልፈነዋል እኮ፣ እናቴ። ልናርፍ ነው።»

ሉርዱ መቁጠሪያዋን አየች። ጸሎቷ ገና እኩሌታው ላይ ነበር።

ከኮሎምቦ ደግሞ ወደ ሰሜን ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ሙሉ ቀን። ከማናር ከተማ በኋላ ያለውን መንገድ ግን ማንንም ሳትጠይቅ አወቀችው። የዘንባባ ዛፎቹ ብዙዎቹ በጥይት ተገንድሰው ጉቶ ቀርተዋል፤ የደረቀ ዓሣ ሽታው ግን እንደነበረ ነው። ፔሳላይ ወርዳ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው የአሸዋ መንገድ ቀጥ ብላ ሄደች። ድሮ ቤቷ በነበረው ቦታ ላይ የሲሚንቶ ቤት ቆሟል። ደጁ ላይ አንዲት ጠይም፣ ቀጠን ያለች ሴት ዓሣ እያሰጣች ነበር። ኤማሊ ትባላለች፤ ሳቪሪያን ያገባት እሷን ነው።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ እናቴ?»

«የሳቪሪያን ቤት ነው?»

«ነው። እሱ ባሕር ዳር መረብ እየጠገነ ነው፤ ይመጣል። ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። እስክትተነፍሺ ውሃ ላምጣልሽ።»

ሉርዱ ገባች። ግድግዳው ላይ፣ ከቅዱሳኑ ሥዕሎች ዝቅ ብሎ፣ ራሷን አየች። ማናር ከተማ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው፤ እሷ ተቀምጣ፣ ኒርማላ ጭኗ ላይ። የደረቀ የጃስሚን ጉንጉን ተንጠልጥሎበታል፣ ከፊቱም እንደ ሙታን ሁሉ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራል። ፎቶው ላይ ያለችው ወጣት ሴት ጉንጯ ሙሉ ነበር። ሉርዱ እጇን ወደ ራሷ ጉንጭ ሰደደች።

ኤማሊ ውሃውን ይዛ ስትመጣ እንግዳዋን አየች፤ የምታየውን ተከትላ ፎቶውን አየች፤ እንደገና እንግዳዋን አየች። ውሃውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልጅቷስ?» አለች። ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነው። «ልጅቷም አለች?»

«አለች። ወልዳለች፣ ሁለት።»

ኤማሊ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «እኔ እኮ ልጆቼን በወለድኩ ቁጥር ለእሷ ሻማ ሳበራ ነው የኖርኩት» አለች። «የዚህች ልጅ ዕድሜ ለልጆቼ ይሰጣቸው እያልኩ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።» ትንፋሿን ስትሰበስብ ድምፅዋ ተለወጠ። «እትዬ… አሁን እኔ ምን ልሁን?»

ሉርዱ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም። «ባል ልቀማሽ አልመጣሁም» አለቻት። «መቃብሬን አሳዪኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«መጀመሪያ ብይ» አለች ኤማሊ ዕንባዋን እየጠረገች ተነስታ። «መቃብር የትም አይሄድም።»

ሩዙ ሳይቀርብ ሳቪሪያን መጣ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ አንድ ትከሻውም ወደታች ዘንበል ብሏል። በሩ ላይ ሆኖ ሴትዮይቱን አየና መቃኑን ያዘ። የኤማሊን ፊት አይቶ ሕልም እንዳልሆነ ገባውና፣ እንደ ተከሰሰ ሰው መናገር ጀመረ።

«ሳሪሽን አውቄው ነው» አለ። «አረንጓዴው፣ ዳሩ ቢጫ የሆነው። ከጃፍና ራሴ የገዛሁልሽ። ከጀልባዎቹ አንዷ እንደተመታች ወሬ ደረሰን፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን የሚነግረን አልነበረም፤ ከዚያ አንድ አስከሬን ማዕበሉ አወጣ። ፊቷ… ፊት አልነበራትም፣ ሉርዱ። ሳሪውን ግን አወቅኩት። ልጅቷን ባሕሩ በላት ብዬ…»

«የኒርማላ አባት፣ ተቀመጥ» አለችው።

አልተቀመጠም። «ሳሪው ያንቺ ነበር» አለ እንደገና።

«የእኔ ነበር። ለሰው ሰጥቼው ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ተመልሶ የመጣላት። ሃያ ዓመት ሙሉ አስባው የማታውቀው ነገር፣ ሳሪው ሲነሳ ትናንት እንደሆነ ያህል ታያት። በዚያ ማታ ጀልባ ሲጠብቁ፣ ዘንባባ ሥር አጠገቧ አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ከዋናው ምድር ረግረጉን በእግሯ አቋርጣ የመጣች፣ ከራስ እስከ እግሯ የራሰች፣ ጥርሷ የሚንገጫገጭ። ሳቪሪያን ወደ ውሃው ወርዶ ጀልባ ሲቃኝ ሳለ፣ ሉርዱ ከጓዟ ደረቁን ሳሪ አውጥታ አለበሰቻት። ከዚያ የመጀመሪያዋ ጀልባ መጣች፤ ሳቪሪያን እሷንና ልጇን ተሻምቶ አስገባቸው፤ ልጃገረዲቱ ለሁለተኛዋ ጀልባ አሸዋው ላይ ቀረች።

«ቺንታማኒ» አለች ሉርዱ ጮክ ብላ። «ስሟ ቺንታማኒ ነው። የአዳምፓን መንደር ልጅ ነኝ ብላኛለች።»

ሳቪሪያን ቁጭ አለ። «እኔ እስከ ዛሬ ማንን ነው ያለቀስኩት?» አለ። ኤማሊ ሩዙንና የዓሣ ወጡን ለሦስቱም አቀረበች፤ ከሦስቱ የበላ ግን አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኤማሊ ትልቁ ልጅ ገባና ነገሩን ሲሰማ ኪሱን ዳበሰ። «እህቴ ስልክ የላትም?» ብሎ ጠየቀ፣ ልክ ሁልጊዜም እህት እንደነበረችው። ሉርዱ ቁጥሩን ነገረችውና ደወለ። እሷ መድረሷን ተናግራ ስልኩን ለሳቪሪያን ሰጠችው። ሳቪሪያን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ልጄ» አለ። «በላሽ?»

ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ተሰማ፣ ከዚያ በር ተዘጋ።

«በላሁ» አለች ኒርማላ። «አንተስ?»

በሦስተኛው ቀን ሉርዱና ኤማሊ በአውቶቡስ አዳምፓን ሄዱ። ሳቪሪያን አብሬ ልምጣ ቢልም ኤማሊ «አንተ እዚያ ሄደህ ስታለቅስ ማን ያባብልሃል? ይሄ የሴት ሥራ ነው» ብላ አስቀረችው። አንድ ሻይ ቤት ገብተው ስሙን ሲያነሱ ባለቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «የብስክሌት ጠጋኙ የናላታምቢ እህት ናት» አለ። «ስለ እሷ የመጣ ሰው ካያችሁ ጥሩኝ ብሎ ለመንገደኛ ሁሉ የሚነግር ሰው ነው።»

ናላታምቢ እንደ ሂንዱ ወግ ግንባሩን አመድ የተቀባ፣ እጁ በቅባት የጠቆረ ጎልማሳ ነው። ተገልብጣ በቆመች ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማ። የብስክሌቷን ጎማ እንዳይዞር በእጁ ይዞት ነበር።

«እስር ቤት ናት ይሉኝ ነበር» አለ። «ሌላው ደግሞ ህንድ ናት ይለኛል። ፎቶዋን ይዤ ያልቆምኩበት ደጅ የለም። እናታችን ስትሞት እንኳ እህትህ ስትመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳታገኘው ብላ ነው የሞተችው።» ቀና ብሎ ሉርዱን አያት። «ፈርታ ነበር?»

«ብርዷት ነበር» አለች ሉርዱ። «ሳሪውን ከለበሰች በኋላ ሞቃት፤ ልጄንም ይዛልኝ ነበር።»

«ምን አለችሽ?»

ሉርዱ አመነታች። «ህንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል አለችኝ። ሳይነጋ እንደርሳለን አልኳት።»

ናላታምቢ ራሱን ነቀነቀ። ተነስቶ እጁን በአመድና በውሃ አጠበ፤ ቅባቱ ግን አልለቅ ብሎት ደጋግሞ አጠበው። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ተከተላቸው።

ፔሳላይ መካነ መቃብር ሲደርሱ ቄሱና ሳቪሪያን ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በነጭ ቀለም ላይ የሉርዱ ስም በጥቁር የተጻፈበት የብረት መስቀል ነው፤ ዙሪያው ተጠርጓል፣ አሸዋው ላይ የሻማ ርዝራዥ ተለጥፏል። ሉርዱ የራሷን ስም አንብባ ዘወር አለች። ናላታምቢ ጃስሚንና ኮኮናት ይዞ ተንበረከከ፤ ግንባሩን አሸዋው ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየ።

«እምነታችሁ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉት ቄሱ ሲነሳ። «ካልክ መስቀሉን እናነሳዋለን።»

«ይተዉት፣ አባ። ለምዳዋለች» አለ ናላታምቢ። «ስሟ ብቻ ይስተካከል።»

ሳቪሪያን ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጥቶ ነበር። አሮጌውን ስም በነጭ ቀባውና እስኪደርቅ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ናላታምቢ ፊደል በፊደል እየነገረው አዲሱን ጻፈ። አንድ ፊደል ተሳስቶበት፣ ናላታምቢ ብሩሹን ተቀብሎ ራሱ አስተካከለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳቪሪያን ከሉርዱ ጎን ጎን ሄደ። «የት ልትኖሪ ነው?» ብሎ በዝግታ ጠየቃት።

ከኋላ የምትመጣው ኤማሊ ሰምታ «የት ትኖራለች ይላል እንዴ! የጎን ክፍሏን ጠርጌያታለሁ» አለች።

ሉርዱ ግን እዚያ አላደረችም። የሟች ወንድሟ ሚስት ግቢ ውስጥ ባዶ ጎጆ ነበረችና እሷን አሳድሳ ገባች። ሐብሏንም አውልቃ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ለማንም አልተናገረችም፣ የጠየቃትም የለም። ቀን ቀን ከኤማሊ ጋር ዓሣ ታሰጣለች። አንዳንድ ጊዜ በዋጋ ይጣላሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳቪሪያንን አብረው ያሙታል። ፎቶው ከግድግዳው አልወረደም፤ ቀዩን መብራትና ጉንጉኑን ግን ኤማሊ አነሳቻቸው።

ኒርማላ እናቷን ለማየት ፓስፖርት ያስፈልጋታል፤ ፓስፖርት ለማግኘት ደግሞ የስሪላንካ ዜጋ መሆኗ መረጋገጥ አለበት። ቼናይ ወዳለው የስሪላንካ ቆንስላ ሄዳ አመለከተች። ወረቀት ጎደለ ተባለች፤ አሟላች፤ ሌላ ጎደለ ተባለች። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣላትም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትደውላለች፤ መጀመሪያ ከእናቷ፣ ከዚያ ከአባቷ፣ ከዚያ ከወንድሞቿ ጋር ታወራለች። ሉርዱ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ መንገዱን ትነግራታለች። «ከኮሎምቦ የጠዋቱን አውቶቡስ ያዢ» ትላታለች። «በግራ በኩል ተቀመጪ፣ ፀሐይ እንዳያገኝሽ። ልጆቹን የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ሎሚ ያዢላቸው።»

«እሺ፣ እማዬ» ትላለች ኒርማላ። «በግራ በኩል።»